ወደ ጅሬን ከመውጣታችን በፊት

አካም ጅርቱ! እንደምን አረፈዳችሁ?

ሐሙስ ጠዋት አብረን ወደ ጅሬን እንወጣለን። አዘጋጆቹ ከዚያ በፊት እዚያ ኮረብታ ላይ ስላለው ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትንሽ እንዳወራላችሁ ጠይቀውኛል። እስቲ መጀመሪያ፣ እዚህ ጅማ ተወልዶ አድጎ ጅሬን ወጥቶ የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቻችን ሳይገርማቸው አይቀርም። እኔ አልገረመኝም። ቅርብ ያለ ነገር ምን ጊዜም ለነገ ነው የሚቀጠረው። ጅሬን ከመሃል ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ባጃጅ ያደርሳል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስታውቅ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የጊቤን ታሪክ የጻፉት መጻሕፍት ስለሚጠቀሙበት እንዳንደናገር ብዬ ነው።

ጅሬን የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግቢው ይገባል። የእንጨቱን ሥራ አይቶ «ወይ ጉድ!» ይላል። ሰገነቱ ላይ ፎቶ ይነሣል። አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ቁመት ሲያወራ ይስቃል። ከዚያ በቃ፣ ወረደ። ጥፋት የለበትም። ግን ታሪኩን ግማሹን እንኳ አላየም። ስለዚህ እኔ የምለምናችሁ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ ወደ ቤቱ ከመግባታችሁ በፊት ዘወር ብላችሁ ቁልቁል እንድታዩ ነው። ከታች የተዘረጋችው ጅማ ናት። ዛሬ የሚታየው ቆርቆሮና ፎቅ ነው። ያኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ሂርማታ የሚባል ገበያ ነበር። እላይ ያለውን ቤት ያቆመው እሱ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ይሄው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

የጅማ መንግሥት የተመሠረተው በ1830 ገደማ ነው። በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። መጀመሪያ ላይ ጉልበተኛው ሊሙ ነበር። ሳቃ የምትባለው ከተማው የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ጅማን የመሠረቱት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ይህን እያዩ ዝም አላሉም። በ1847 በዲ ፎላ የሚባለውን ቦታ ያዙ። በዲ ፎላ ከጊቤ ወደ ሸዋ የሚወስደው የሲራራ ንግድ መንገድ የሚያልፍበት ነው። መንገዱን የያዘ ቀረጡን ያዘ። ከዚያ በኋላ የጊቤ ገንዘብ ቀስ በቀስ ወደ ጅማ ማጋደል ጀመረ።

እኛ ዛሬ ቤታቸውን የምናየው የዳግማዊ አባ ጅፋርን ነው። የዚያው ቤተሰብ ዘር ናቸው። በ1878 ሲነግሡ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ጎረምሳ ነበሩ። እስከ 1932 ቆዩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ ሃምሳ ዓመት ዙፋን ላይ መቆየት ቀልድ አይደለም።

ሂርማታን እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሐሙስ ነው። ከካፋና ከዚያ ወዲያ ካሉት አገሮች ኮረሪማ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ዝባድ ይመጣል። ዝባድ ማለት ከጥርኝ የሚገኘው ሽቶ ነው። ጥርኝን በወጥመድ ይይዟታል፣ በጠባብ አጥር ውስጥ አስረው ይቀልቧታል፣ ከዚያ ከዕጢዋ የሚወጣውን ቅባት እየፋቁ ያጠራቅማሉ። ያንን ቅባት ነው የውጭ ሽቶ ሠሪዎች በውድ የሚፈልጉት። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይገባል። ገንዘቡ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። አሞሌውም ራሱ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ነጋዴው ከዚህ ተነሥቶ በጎጃም በኩል እስከ ምጽዋ፣ በሸዋና በሐረር በኩል ደግሞ እስከ ባሕር ዳርቻ ይዘልቃል። ወራት የሚፈጅ መንገድ ነው።

ታዲያ ንጉሡ ከዚህ ምን ያገኛሉ? ሁለት ነገር። አንደኛው ቀረጥ ነው። የጅማ ዳር ድንበር በቦይና በአጥር የተጠበቀ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል። መግቢያው በኬላ ብቻ ነው። ኬላው ላይ ዘብ አለ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ጫነ፣ ሁሉም ይታያል። ዛሬ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ኬላ ላይ ሲቆም የምንማረረው ነገር እዚህ አገር ሥሩ ረጅም ነው።

ሁለተኛው ሰላም ነው። ይሄኛው ብዙ አይወራለትም። ነጋዴ የሚሄደው ዕቃው በማይዘረፍበት መንገድ ነው። አገሩ ስልሳ ገደማ ቆሮ በሚባሉ ግዛቶች ተከፍሎ በአባ ቆሮዎች ይተዳደር ነበር። እነዚህ ሹሞች የንጉሡ ተሿሚዎች ናቸው፤ ንጉሡ ይሾማሉ፣ ንጉሡ ይሽራሉ። ስለዚህ አንዱ አባ ቆሮ ተነሥቶ በራሱ ሥልጣን ነጋዴ ልግፈፍ ቢል መልሱን ከጅሬን ያገኛል። እንግዲህ ገበያው ንጉሡን ያበላል፣ ንጉሡ ገበያውን ይጠብቃሉ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታው ላይ መሆኑ ለነፋሻ አየር ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ ላይ ሆኖ ገበያው ሞላ ጎደለ ብሎ ማየት ይቻላል።

አሁን የሚከብደውን ላንሣ። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ዘለውት ያልፋሉ፤ እኔ መዝለል አልፈልግም።

ሂርማታ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ጅማ በደቡብ ምዕራቡ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በጦርነት የተማረኩ፣ በወረራ የተጋዙ፣ በዕዳ የተያዙ ሰዎች በዚህ ሜዳ አልፈዋል። ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ተነዱ። ሌሎቹ እዚሁ ቀርተው ማሳ አረሱ፣ እንጨት ፈለጡ፣ በትልልቅ ሰዎች ግቢ አገለገሉ። የቤተ መንግሥቱም ግቢ ያለ እነሱ ጉልበት አይንቀሳቀስም ነበር። በአገራችን ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሻረው ሕግ የወጣው በ1942 ነው። ቅርብ ጊዜ ነው፤ የአያቶቻችን ዘመን። «የዘመኑ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነትም የዘመኑ ነገር ነበር፤ ጎንደርም፣ ሸዋም፣ ሐረርም ከዚያ ንግድ ንጹሕ አልነበሩም። ነገር ግን ለተሸጠው ሰው ይሄ ምን ይረባዋል? ስለዚህ ሐሙስ ያንን ወለል ስትረግጡ «ይህንን እንጨት ማን ተሸከመው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስጎብኚው ባይመልስ እንኳ ጥያቄው ይጠየቅ።

ወደ ፖለቲካው ልሂድ። በ1882 እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ተጋጠመ። ራስ ጎበና ያሉበት የምኒልክ የሸዋ ጦር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የጊቤ ዕጣ ወደ ምኒልክ እጅ መዞሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ወጣቱ ንጉሥ ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ «ገብር» ብለው መከሯቸው ይባላል። ብልህ ሴት እንደነበሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። አባ ጅፋርም ገበሩ። በምትኩ አገራቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተተዉ። ነፍጠኛ ሰፋሪ ጅማ ላይ እንደ ሌላው ቦታ አልፈሰሰም።

ግብሩ ግን ትንሽ አልነበረም። በ1886 ለምኒልክ የተላከው ግብር ምን እንደነበረበት ተመዝግቧል። ባሮች አሉበት። ብዙ የዝሆን ጥርስ አለበት። በሸምበቆ የታሸገ ዝባድ፣ በጋን የተሞላ ማር፣ እዚሁ የተሸመነ ልብስ፣ ያጌጠ ጦርና ጋሻ አለበት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ? በርጩማ! አዎ፣ የጅማ በርጩማ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ዛሬም በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ የምታዩት። ለንጉሠ ነገሥት ከዝሆን ጥርስ ጋር አብሮ የሚላክ ዕቃ ነበር። ይሄንን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የጅማ እንጨት ጠራቢ ማዕረጉ ዛሬ ከምንሰጠው በላይ ነበር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ፣ በርጩማ ስትገዙ ብዙ አትከራከሩ።

መገበራቸውን «ፈሪ ነበሩ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ገጥሞኛል። «ብልህ ነበሩ» የሚልም አለ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቴ ጎረቤታችን ካፋ ነው። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተዋጉ። በጀግንነት ተዋጉ። በ1897 ተማርከው በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ። መናገሻቸው አንድራቻ ጠፋች፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ዛሬ ወደ ቦንጋ የሚወርድ ሰው የካፋን ነገሥታት ቤት እንደ ጅሬን ቆሞ አያገኘውም። ጅሬን የቆመው ስለተገበረለት ነው።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። አላለቀም። መገበር ማለት ብርና ማር መላክ ብቻ አልነበረም። ሲጠሩ መዝመትም ነው። በ1894 ምኒልክ ወላይታን ሲወጉ አባ ጅፋር አብረው ዘምተዋል። ካፋ ላይም የጅማ ሰው ነበረበት። ጅማ የዳነችበት መንገድ ለጎረቤቶቿ እሳት ነበር። ይሄንን እንደ ክስ አልናገረውም፤ በዚያ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ግን ብልህነታቸውን ስናደንቅ ሂሳቡን ማን እንደከፈለው አብረን እንወቅ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ማሰራው፣ ማለትም ቤተ መንግሥቱ፣ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። አንድ ቤት አይደለም፤ ግቢ ነው። የንጉሡ መኖሪያ አለ፤ ችሎት የሚቀመጡበት አዳራሽ አለ፤ የዘበኞች ቤት አለ፤ መስጊድ አለ። ከአገሬው አናጢዎች ሌላ ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች እጅ አለበት ይባላል። ዋናው ቤት ባለ ፎቅ ነው። ምሰሶው፣ ወለሉ፣ ደረጃው፣ የሰገነቱ መከታ፣ ሁሉም እንጨት ነው።

የሰገነቱን መከታ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ቀርባችሁ ስታዩት ግን አንዱ ዘንግ ከጎኑ ካለው ጥቂት ይወፍራል፤ የአንዱ አንገት ዝቅ ብሎ ተቀርጿል። ማሽን አይደለማ! ሰው ነው የጠረበው፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ ሰው። ከታደሰው መሃል የቱ አዲስ፣ የቱ አሮጌ እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ። ቤቱ በቅርብ ዓመታት ታድሷል፤ አሮጌውና አዲሱ እንጨት ጎን ለጎን ይታያሉ። ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ ደስ የሚለው ይሄ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ቀና ብላችሁ የጣሪያውን ክፈፍ ተመልከቱ። ከግድግዳው በደንብ ወጣ ብሏል። በረንዳውም ሰፊ ነው። ለማማር ብቻ አይደለም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ አገር ናት። ውሃ የሚነካው እንጨት እዚህ አገር ዕድሜ የለውም፤ ከዝናቡ የተረፈውን ደግሞ ምስጥ አለለት። ስለዚህ ክፈፉ ውሃውን ከግድግዳ ያርቃል፤ በረንዳው ጭቃውን ከበር ያርቃል፤ ሰውም ዝናብ ሳይነካው ባለጉዳይ ሆኖ መቆም ይችላል። የሠራው ሰው የዚህን አገር ክረምት በደንብ ያውቃል።

ችሎቱ ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቆዩ። ሰዎች ወደ መኝታ ክፍሉ ነው የሚሮጡት። እኔን ብትጠይቁኝ ከመኝታ ክፍሉ ይልቅ የሰው ሕይወት የተቆረጠው ችሎቱ ላይ ነው። የድንበር ክርክር፣ የከብት ሌብነት፣ የደም ዋጋ፣ ከአባ ቆሮው ፍርድ የተባለ ይግባኝ፣ ሁሉም ኮረብታውን ወጥቶ እዚህ ይመጣል።

ስለ ንጉሡ ቁመት ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ረጅም እንደነበሩ ሁሉም ይስማማል። ምን ያህል ረጅም የሚለው ግን አስጎብኚው በተለወጠ ቁጥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

ቤቱ ውስጥ ባዶ ክፍሎች ታያላችሁ። «ዕቃውስ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ብዙው ታች ከተማው ውስጥ በጅማ ሙዚየም ነው ያለው። ከእንጨት የተሠራ የንጉሡ ዙፋን አለ። ሌላው ቀርቶ ከእንጨት የተሠራ መጸዳጃቸው ሳይቀር አለ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሌላውን ሁሉ ረስተው እሱን ብቻ ነው የሚያወሩት። በእኔ አስተያየት ዙፋኑ ችሎቱ ካለበት ቤት መለየቱ ለሁለቱም አይበጅም። ደኅንነቱ ከተጠበቀ እላይ ቢመለስ ነው የምመርጠው። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው፤ የሙዚየም ባለሙያዎች ሌላ ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል።

መስጊዱን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልናገር። እስልምና የጅማ ቤተ መንግሥት ሃይማኖት የሆነው በቀዳማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ነው። ዳግማዊው አባ ጅፋር ደግሞ ዑለማዎችን፣ ማለትም የእስልምና ሊቃውንትን፣ ከየአቅጣጫው ጠርተው መሬት ሰጡ፣ አኖሩ። ጅማ ከዚያ ወዲህ የትምህርት አገር ሆነች፤ ደረሳዎች ከሩቅ እየመጡ ይቀሩባት ነበር። መካ ላይ እንኳ ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ ቤት ገዝተው ነበር ይባላል።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ። ንጉሡ አረጁ፣ ደከሙ። አስተዳደሩን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ያዙ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የየአውራጃውን ሥልጣን ወደ ማዕከል እየሰበሰቡ ነበር። በ1932 የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጅማ ገባ። አባ ጆቢር ታሠሩ። አባ ጅፋርም በዚያው ዓመት አረፉ። የቆየው ውል ከሁለቱም ወገን ሰው ሲጠፋለት ፈረሰ፤ ምኒልክ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን መጥቶ አባ ጆቢርን ፈታቸው፣ ሱልጣንም ብሎ ሾማቸው። ለጅማ አዝኖ አይመስላችሁ፤ ከፋፍሎ ለመግዛት ይመቸዋል ብሎ ነው። ጅማን «ጋላና ሲዳሞ» ላለው ግዛት መቀመጫ አደረጋት። መንገድና ሕንፃ የሠራው ታች ሜዳው ላይ፣ ሂርማታ ዙሪያ ነው። እስከ 1941 ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሥልጣኑም ቢሮውም ታች ቀረ፤ ጅሬን ብቻዋን ኮረብታው ላይ ቀረች።

ስሙ ግን ከከተማው አልወረደም። አየር ማረፊያችን አባ ጅፋር ነው። ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ወደ ፕሪምየር ሊጉ ገና በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲበላ ከተማው ውስጥ ያልጮኸ ጥሩምባ አልነበረም። ለአሁኑ ውጤታቸው አትጠይቁኝ።

ለሐሙስ ጥቂት ነገር ላሳስብና ልጨርስ። ጠዋት በጊዜ እንውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊያገኘን ይችላል። ጃንጥላ ያዙ፤ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። መስጊዱ የሚሰገድበት ስለሆነ ሳትፈቀዱ አትግቡ፣ ፎቶም አታንሡ፤ ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ቢይዙ ጥሩ ነው። አስጎብኚው ሲያወራ አቋርጣችሁ አታርሙት፤ ጥያቄ ካላችሁ መጨረሻ ላይ በትህትና ጠይቁ፤ ጉርሻውንም አትርሱ። ስንወርድ በቀጥታ ወደ ጅማ መርካቶ ነው የምንሄደው። ሐሙስ ዛሬም የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ኮረሪማና ማር የሚፈልግ ሰው ጠርሙስና ከረጢት ይዞ ይምጣ፤ የማሩን ዋጋ እኔ እከራከርላችኋለሁ።

አሁን ጥያቄ ያለው ሰው ካለ፣ ከኋላ በኩል እንጀምር።